አፈር መልበስ

ማዮ፣ ካርቱም
ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዮሳቤጥ ለገሠ፣ ጎንደር

እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ አለን። «አለን» ስል ቃል በቃል ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ። ደብዳቤሽን ሹፌሩ ጃፋር ትናንት አመጣልኝ። ከመተማ እስከዚህ ድረስ በሽንኩርት ጭነት መሀል ተቀብሮ ስለመጣ ክፍሉ በሙሉ ሽንኩርት ሸተተ። እናትሽ ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «የልጄ ደብዳቤ ወጥ ወጥ ይላል» አለች። እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ፣ እናንተም ዘንድ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ያለን ፖስታ ቤት የጃፋር መኪና ብቻ ነውና ሹፌሩን በደንብ አመስግኚልኝ። ምስጋና ይወዳል።

ከካርቱም ሁለት ሰፈር ለምን ወጣችሁ ላልሽው፣ ቤቱ ቤት መሆኑን ስለተወ ነው። ታጣቂዎች በሩን ነቅለው ወሰዱት። ሰው በሩን ከተወሰደ በኋላ ምን ይጠብቃል? ዘሃራን ታስታውሻታለሽ፤ ፎቅ ቤት ሰዎቹ ዘንድ ትሠራ የነበረችው፣ አንቺን አዝላ ያሳደገችሽ ወሎዬ። እዚህ ማዮ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥታናለች። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ አለ። እናትሽ ቀን ቀን ከሥሩ ትቀመጣለች።

የስኳሯ መርፌ ለአሁኑ አለ። መብራት ስለሌለ ፍሪጅ የለም፤ ስለዚህ ከሸክላው የውሃ ጋን፣ ከዚሩ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ አንጠልጥየዋለሁ። ሸክላው ያልበዋል፣ ባላበው መጠን ይቀዘቅዛል። ይኸውልሽ፣ ከጠየቅሽኝ ቃላት አንዱ ይኸው ነው፦ ፖረስ። በመጽሐፍ ሳይሆን በእናትሽ መድኃኒት አስታውሺው።

ወደ ሌሎቹ ቃላት ልግባ። ሶይልና ደርት ምንና ምን ናቸው ብለሻል። በቦታው ያለ አፈር ሶይል ነው፤ ከቦታው ወጥቶ ልብስሽ ላይ፣ ጥፍርሽ ውስጥ የገባ እንደሆነ ደርት ይባላል። አፈሩ ያው ነው፤ የተቀየረው አድራሻው ነው። ልክ እንደኛ ስደተኞች። ኢሮዥን የአፈር መሸርሸር ነው። የኛ ሰው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ስለ ሰው ይመስለዋል፤ እኔ ግን መሬት ጥናት መሥሪያ ቤት ሳለሁ ስለ ጎጃም ማሳ የተነገረ ነው እል ነበር። ሲልት ደለል ነው። ቱቲ ደሴት ላይ ሽንኩርቱን የሚያበቅለው የኛ አገር ደለል ነው። ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ኢቃማ ሱዳን ገብቶ ማንም ያልጠየቀው ኢትዮጵያዊ እሱ ብቻ ነው።

ፈተናሽ መጋቢት 14 ነው ብለሻል። እንግዲህ አምስት ወር አለሽ። ይህን የእንግሊዝኛ ፈተና ካለፍሽ ነጻ ትምህርቱ ያንቺ ነው፤ እኔ ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ጥዬው የሸሸሁትን ትምህርት ልጄ ልትጨርስልኝ ነው። አፈር ስሆንልሽ፣ ሌላ ሐሳብ ልብሽ ውስጥ አታስገቢ።

እናትሽ እንደተለመደው በራሷ እጅ አንድ መስመር ልጨምር ብላ እስክሪብቶውን እየነጠቀችኝ ነው።

ብይ።
እናትሽ

የፊደሉ ስህተት የእሷ ነው። «ብዪ» ነው የሚባለው፣ ብይ ልጆች የሚጫወቱበት ድንጋይ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ነገርኳት። «ልጄ ይገባታል» ትለኛለች።
አባትሽ ለገሠ


ጎንደር
ኅዳር 17 ቀን 2016

አባባ ሐቢቢ፣

ሰላም ነህ? እማማ ሰላም ናት? ኻልቲ ዘሃራስ? እኔ ሐምዲላ ደህና ነኝ። አማርኛ ስጽፍ ቀስ ነው፣ ስህተት ካለ ማዓሌሽ። በአረብኛ ብጽፍልህ በአንድ ሰዓት አስር ገጽ እሞላ ነበር፤ ግን «በአማርኛ ካልሆነ አላነብም» ብለሃል፣ ኸላስ፣ ይኸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። «አፈር ስሆንልሽ» ብለሃል። የትኛው አፈር ነው የምትሆነው? ክሌይ? ሎም? ሲልት? ትሁትን ጠየቅኳት። ትሁት እኔ ጋ ክፍሉን አብራ የተከራየች ልጅ ናት፣ ነርስነት ትማራለች። እስክትወድቅ ሳቀች። አከራያችንን ጠርታ ነገረቻት፣ እሷም «እግዚኦ፣ ይቺን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት?» አለች። አንተ ነህ ያሳደግከኝ! በቤት አማርኛ አወራችሁ፣ እኔ በአረብኛ መለስኩ፣ ማንም አልተቆጣኝም። አሁን ሱቅ ሄጄ ዕቃ ስገዛ እንደ ሕፃን ያዩኛል።

አዲስ ቃላት፦ ቶፕሶይል፣ ሰብሶይል፣ ሆራይዘን፣ ፓረንት ማቴሪያል። የመጨረሻው ምንድን ነው? የወላጅ ዕቃ?

አባባ፣ አሁን ቁም ነገር። ባስ ላይ ስትጭኑኝ «እንከተልሻለን» ብላችኋል። ሰባት ወር ሆነ። አንተ «አለን» ስትል ደስ አይለኝም፣ ሆዴ ይነግረኛል። እማማ እንዴት ናት? መርፌው ስንት ቀረ? እውነቱን ጻፍልኝ። ቢያስለቅስም እውነቱን። እኔ ልጅ አይደለሁም፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።

የእማማን መስመር ቆርጬ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ወላሂ እየበላሁ ነው በላት።

ዮሲ


ማዮ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2016

ልጄ ዮሳቤጥ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ወረቀት ደግሞ እዚህ እንደ ዳቦ በመከራ ነው የሚገኘው። አሁን የመጨረሻው ሉክ ላይ ነኝ፣ ስለዚህ የወጣው ይውጣ።

በቃላቱ ልጀምር። በዘሃራ ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። ጎረቤታችን ጂብሪል ዶማ አዋሰኝ፤ ልቆፍርልህ ቢልም እንቢ አልኩት። የአፈር ባለሙያ ሲቆፍር ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ነው፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። እያንዳንዱ ንብርብር ሆራይዘን ይባላል። ያገኘሁት ይህን ነው።

ከላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ግራጫ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር። የጠርሙስ ክዳን፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ አንድ ሰማያዊ ጨሌ አለበት። ይህ ቶፕሶይል ነው፤ ሰው የኖረበት፣ ሥር የሚያርፍበት። ከሱ በታች ጥቁር መረሬ መጣ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዶማውን መልሶ ይወረውረዋል። ዘሃራ ከዚሩ ውሃ እየቀዳች ታርከፈክፍልኝ ነበር። እሱ ሰብሶይል ነው። እወገቤ ሲደርስ መረሬው ውስጥ እንደ ሽምብራ የሚያካክሉ ነጫጭ የኖራ ፍሬዎች ታዩ። እዚያ ላይ አቆምኩ።

ፓረንት ማቴሪያል የወላጅ ዕቃ አይደለም፣ አይ አንቺ! እኛ መሥሪያ ቤት «እናት ዐለት» ነበር የምንለው። አፈር ሁሉ ከእሷ ነው የሚወለደው፤ ቀለሙንም ጠባዩንም ከእሷ ይወስዳል። ከሥር ስላለች አትታይም። እኔም አልደረስኩባትም።

ጉድጓዱን የቆፈርኩት ለእናትሽ ነው። እውነቱን ጻፍልኝ ብለሻል። እናትሽ ታኅሣሥ 9 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፈር ለብሳለች። ዘሃራ እስከ መጨረሻው አብራን ነበረች። ቀኑን ያዢው።

ከዚህ በላይ ዛሬ አልችልም። ጃፋር ውጭ ጡሩምባ እየነፋ ነው። በርቺልኝ።

አባትሽ


ጎንደር
ጥር 14 ቀን 2016

አባባ ሐቢቢ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰህ! እዚህ ከተማው በሙሉ ውሃ ተረጨ፣ እኔና ትሁትም በስብሰን ገባን። ደብዳቤህ የመጣው በዚያ ቀን ነው።

በሰባ አንድ ዓመትህ ጉድጓድ? መጅኑን ነህ? ወገብህስ? ለእማማ ነው ስትል ገባኝ፣ ጎመን ልትተክል ነው አይደል? ካርቱም ሁለት እያለን «መሬት ቢኖረኝ ጎመን እተክል ነበር» ትል ነበር። ግን አባባ፣ ለጎመን እስከ ወገብ አይቆፈርም፣ እኔ እንኳን አውቃለሁ። አንተ መቆፈር ስትጀምር ማቆም አትችልም።

እማማ አፈር ለበሰች ያልከው ደግሞ አሳቀኝ። በታኅሣሥ የአቧራ ማዕበል፣ ሃቡብ፣ አለ እንዴ? ወይስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ «ይበቃሃል፣ ውጣ» ስትልህ አፈሩን ወረወርክባት? ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር ጽፈሃል፣ እንደ ፖሊስ! አየህ፣ ትምህርትህን ይዣለሁ፦ ልብስ ላይ ሲሆን ሶይል አይባልም፣ ደርት ነው። የለበሰችው ያቺን ሰማያዊ ቶብ ከሆነ በሙቅ ውሃ እንዳታጥቧት፣ ቀለሙ ይሄዳል። አራግፍላት መጀመሪያ።

ግን የእማማ መስመር የለም። እጇ አፈር ስለሆነ ነው? አሁን ታጥባ ትጻፍልኝ። እኔ ትራሴ ሥር ሰባት «ብይ» አለኝ፣ ስምንተኛውን ይዤ ነው ፈተና የምገባው። ካልመጣ አልገባም፣ ወላሂል አዚም አልገባም። እንደዚህ ብላለች በላት፣ ትጽፋለች።

ስለ መርፌው አልመለስክልኝም። ጉድጓዱን ስትጽፍ ረሳኸው መሰለኝ።

ዮሲ


ማዮ
የካቲት 10 ቀን 2016

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ለዘሃራ አነበብኩላት። ሰላም ብላሻለች።

ቶቧ ንጹሕ ነው። ዘሃራ ራሷ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባዋለች፣ ቀለሙ አልሄደም። ስለ መርፌው አታስቢ፤ እናትሽ አሁን መርፌ አያስፈልጋትም፣ አያማትምም። ጎመን ገና አልተተከለም። ወገቤ ደህና ነው።

ፈተናው የቃልም አለው። ፈረንጅ ሲጠይቅሽ አትቸኩይ። የምታውቂውን ነገር ብቻ አውሪ፤ ያላየሽውን ተራራና ፏፏቴ ለማሳመር አትሞክሪ። ላንድስኬፕ ማለት የግድ ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ግቢም ላንድስኬፕ ነው፣ አንድ ዛፍና ጥላውም ነው። ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ቀለሙን ተናገሪ፣ ከዚያ ስትዳስሺው ምን እንደሚል፣ ከዚያ ምን እንደሚበቅልበት። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው አይጠፋበትም።

ፈተናውን ግቢ። ስለ እናትሽ ብለሽ ግቢ። ከዚህ ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር የለኝም።

አባትሽ

ብዪ።
እናትሽ


ጎንደር
መጋቢት 22 ቀን 2016

አባባ፣

ሰላምታ አልጽፍም። እንዴት እንደሚጻፍ ጠፋኝ። በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ፣ አንተ ቅደም ተከተል ትወዳለህ።

ቅዳሜ ተፈተንኩ። ስምንተኛው መስመር ኪሴ ውስጥ ነበር። ጽሑፉ ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ የቃሉ ሆነ። ፈታኟ ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ ናት። «ስለምታውቂው አንድ መሬት ሁለት ደቂቃ አውሪኝ» አለችኝ። አንተ ያላየሽውን አታሳምሪ ብለኸኛል፣ ስለዚህ የኻልቲ ዘሃራን ግቢ ነገርኳት። ከዛፉ ሥር አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ አለ አልኩ። ከላይ ግራጫ ቶፕሶይል፣ አንድ ሰማያዊ ጨሌ ያለበት። ከሱ በታች ጥቁር ክሌይ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። ከሱ በታች ነጫጭ የኖራ ፍሬ። ፓረንት ማቴሪያሉ ጋ አልደረሰም፣ ሽማግሌ ነው፣ ደከመው አልኩ። ሳቀች። «ጉድጓዱ ለምን ነበር?» አለች። ለእናቴ ነው፣ የሆነ ነገር ልትተክልበት ነው አልኩ። «እንዴት ደስ ይላል» ብላ ጻፈች። አንድም ቃል አልጠፋኝም አባባ። እንደዚያ ቀን እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም።

እሑድ አከራያችን ቤት ሴቶች መጡ። ፈተናውን ጠየቁኝ፣ ከዛ «እናትሽስ? ስኳሯ እንዴት ሆነ?» አሉ። ደህና ናት፣ መርፌም ትታለች አልኩ። ከዛ አማርኛዬ እንደተሻሻለ ላሳያቸው ፈለግኩ። «እናቴ በታኅሣሥ አፈር ለብሳለች» አልኩ። እየሳቅኩ ነው ያልኩት።

ማንም አልሳቀም። አንዷ «ማነው ያለሽ ልጄ?» አለችኝ። አባቴ ነው የጻፈልኝ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር አልኩ። አከራያችን ደረቷን መታች። ጮኸች። እኔ እሷ ታመመች ብዬ ሮጬ ደግፌ ያዝኳት፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላታለሁ። ሁሉም እኔን እያዩ ያለቅሳሉ፣ እኔ ውሃ እሰጣቸዋለሁ።

ትሁት ናት ወደ ጓዳ ወስዳ የነገረችኝ። አላመንኩም። ሮጬ የየካቲቱን ደብዳቤ አመጣሁ። ይኸው፣ ከታኅሣሥ በኋላ ጽፋልኛለች፣ የሞተ ሰው ይጽፋል ወይ ብዬ ጮኽኩባቸው። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አነበብኩላቸው። ያን ጊዜ አየሁት። «ዪ» ነው።

እማማ «ዪ» አትጽፍም።

ሰው መርዶ ሲነገረው ዘመድ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ በር ያንኳኳል ይላሉ እዚህ። እኔ የእናቴን መርዶ በገዛ አፌ፣ እየሳቅኩ ተናገርኩ። ሦስት ቀን ፍራሽ አንጥፈው አብረውኝ ተቀመጡ፣ አንዳቸውም እማማን አያውቋትም።

አባባ፣ «ሞተች» የሚለውን ቃል እኔ አውቃለሁ። በሦስት ቋንቋ አውቃለሁ። ለምን ቀላሉን አማርኛ አልጻፍክልኝም? የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር? እንዴት አስተኛሃት? አንተስ መቼ ነው የምትመጣው? ሌላ የሚጠየቅ የለኝም፣ ቃላትም ከእንግዲህ አልልክልህም።

ዮሳቤጥ


ማዮ
ሚያዝያ 12 ቀን 2016

ልጄ ዮሳቤጥ፣

እናትሽ በለጡ ሞታለች። ይኸው፣ ቀላሉ አማርኛ ይህ ነው። ለመጻፍ አራት ወር ፈጀብኝ።

የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልስልሻለሁ። መርፌው ኅዳር 25 ቀን አለቀ። ከጂብሪል ጋር እስከ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ድረስ በእግራችን ሄድን፤ መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ መደርደሪያ ናቸው፣ መደርደሪያም የሌላቸው አሉ። ስመለስ እናትሽ ፊቴን አይታ «ተወው በቃ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ዚሩ ውስጥ ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ ነበር የሚቀዘቅዘው። ሁለት ሳምንት ቆየች።

የመጨረሻ ቃሏ ስላንቺ ነው። ሰኞ ማታ «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግራት» አለችኝ። አማለችኝ፣ ማልኩላት። «ብዪ በልልኝ» አለች።

ሳምንት ሳይሞላ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። «ቢያስለቅስም እውነቱን ጻፍልኝ» ይላል። እሷ አትንገራት ትላለች፣ አንቺ ንገረኝ ትያለሽ፤ እኔ ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ፣ ለሰው ካልነገርኩ ልፈነዳ ነው። በሁለታችሁ መሀል የሚቆም ቃል ፈለግኩና ያንን አገኘሁ። ይገባታል ብዬ ጻፍኩት? አይገባትም ብዬ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ፈሪ ነህ ብትይኝ አልከራከርሽም።

ከዚያ «ቶቧን አራግፍላት» ብለሽ ጻፍሽ። ለዘሃራ ሳነብላት ተነሥታ ዛፉ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ፣ አፈር በበላሁ፣ ደስ አለኝ። ለካ አልገባትም፣ የእናቷ ፈቃድ ሆነ አልኩ። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጇን አጣጣል ለመምሰል በግራ እጄ ሰባት ጊዜ ተለማመድኩ። ፊደሏን ግን፣ ይኸው የማይረባ እጄ በልማዱ አረመው። ሃያ ዓመት ያረምኳት ሳያንስ ከሞተችም በኋላ አረምኳት።

ቶፕሶይልን፣ ሆራይዘንን፣ ሲልትን ሁሉ አስተማርኩሽ። በአማርኛ ሰው እንዴት እንደሚሞት ግን አላስተማርኩሽም። ነገ አገራችን እንገባለን፣ ያኔ ትማረዋለች እያልኩ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። አንቺ በሴቶቹ ፊት የሳቅሽው ሳቅ የኔ ጥፋት ነው። በልብሽ አትያዢው፣ ወደኔ መልሽው።

እንዴት እንዳስተኛኋት ጠይቀሻል። ዘሃራ አጠበቻት፣ በሰማያዊው ቶብ ከፈነቻት። መቃብር ቦታ ድረስ መሄድ አይቻልም ነበር፣ መንገዱ ላይ ይተኩሳሉ። ቄስ የለም። እኔ ከዳዊት የማስታውሰውን ያህል አነበነብኩ፣ ዘሃራና ጂብሪል በራሳቸው ዱዓ አደረጉላት። በኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ፦ ጉድጓድ ስትመልሺ አፈሩን በወጣበት ተራ ነው የምትመልሽው። የታችኛው ከታች፣ ቶፕሶይሉ በመጨረሻ ከላይ። ስቆፍር ሦስቱን ለየብቻ ቆልዬ ነበርና በተራቸው መለስኳቸው። ጂብሪል «ምን ልዩነት አለው፣ ሐጅ?» አለኝ። ለሷ ምንም ሳይዛነፍ ላደርግላት የቻልኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ጨሌዋንም ከላይ አስቀመጥኳት።

በፈተናው ላይ ስለተናገርሽው ደግሞ አትጸጸቺ። እዚህ ታጣቂዎቹ እንዳይሰሙን አፋችንን በጨርቅ ይዘን ነው ያለቀስንላት። ሙሾ አልወጣላትም፣ ስሟን የጠራ የለም። አንቺ ግን በሰው አገር ቋንቋ፣ በማታውቂያት ሴትዮ ፊት፣ ያለችበትን ቦታ ከላይ እስከ ታች ሳትሳሳቺ ተናገርሽላት። እናትሽ የቀብር ንግግር ያገኘችው ካንቺ ነው። ሁለት ደቂቃ ነው፤ እዚህ ያን ያህል ያገኘ የለም።

መምጣቴን በተመለከተ፣ ጃፋር ለግንቦት አጋማሽ ቦታ ይዞልኛል። ብቻዋን ትቻት እንዴት እሄዳለሁ ብዬ ሳመነታ ከርሜ ነበር። ዘሃራ ትናንት ተቆጣችኝ። «ወላሂ የሞተ አይጠፋም፣ የሚጠፋው ያለው ነው። እሷን እኔ አያታለሁ፣ አንተ ልጅህን እያት» አለችኝ። ከግቢው አፈር ናሙና ይዤ ልምጣ ብዬም አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ናሙና የሚወሰደው ከማያውቁት መሬት ነው። ደግሞ ከቦታው ከወጣ ምን እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ።

የትኛው አፈር ነው የምትሆነው ብለሽኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። አሁንም አልመልስልሽም፤ ቃሉን ግን ከእንግዲህ በዋዛ አልጠራውም።

ትሁት በደብዳቤሽ ጀርባ «ከእሑድ ወዲህ እህል አልቀምስ ብላናለች» ብላ ጽፋለች።

ብይ።
አባትሽ